ያልተሰነዘረው እርግጫ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የወጣት ማዕከል አዳራሽ የቴኳንዶ ሰልጣኞች አሟሙቀው ጨርሰዋል፤ ጥግ ላይ የተቆለሉት የደረት መከላከያዎች እየተነሡ ነው። አሰልጣኙ ሁለቴ አጨብጭበው «ጥንድ ጥንድ!» ሲሉ ወንዶቹ በዐይን ተጠቃቅሰው ወዲያው ተጣመሩ። ከሴቶቹ ሁለቱ ተያዩና ፊት ለፊት ቆሙ። ሦስተኛዋ፣ ሰማያዊ ቀበቶ የታጠቀች የኮሌጅ ተማሪ፣ ብቻዋን ቀረች። አሰልጣኙ ዙሪያውን ቃኝተው በቁመት ከእሷ በአንድ ራስ የሚበልጥ ልጅ መደቡላት።

«ቻርዮት! ክዮንግሬ!» ጎንበስ ብለው ሰላምታ ተለዋወጡ። «ጁንቢ! ሺጃክ!»

ልጅቷ ጊዜ አላባከነችም። ቀኝ እግሯ የልጁን መከላከያ ጧ አደረገው። ልጁ ፈገግ ብሎ ሸሸት አለ። ተራው ደርሶ ሲሰነዝር ደግሞ እግሩ ደረቷ ላይ ሊያርፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው አየር ላይ ቆመ። ደግማ መታችው፤ ደግሞ ፈገግ ብሎ ሸሸ። ሁለቱ ደቂቃ እስኪያልቅ አንዴም አልነካትም። ሲጨርሱ በትሕትና ጎንበስ አለና «ጎበዝ ነሽ» አላት።

ሄልሜቷን ስትፈታ ጠጋ ብዬ እንዴት እንደነበር ጠየቅኋት። «ማን ተጋጠመ?» አለችኝ። «እኔ ብቻዬን ነው እኮ ስራገጥ የነበረው።»

ንዴቷ ይገባኛል፤ እኔም ነጭ ቀበቶ የታጠቅሁት እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ ነው። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ሴት ልጅ ላይ እጅ አይነሣም ተብሎ ያደገ ጨዋ ልጅ ነው፤ ከአዳራሹ በር ውጭ ወንዱ ሁሉ እንደ እሱ ቢያስብ ይህች አገር ለሴቶች ሌላ አገር በሆነች ነበር። ከበሩ ወዲህ ግን ደግነቱ የነፈጋት ነገር አለ። ወርሃዊ ክፍያ እየከፈለች፣ ከክፍል እንደወጣች ታክሲ ተጋፍታ የምትመጣው ያንኑ የተነፈገችውን ነገር ፍለጋ ነው።

የቴኳንዶ ትምህርት አብዛኛው ከአየር ጋር ነው። ሰልጣኞች ተሰልፈው ይራገጣሉ፣ ይመክታሉ፣ ፑምሴ የሚባለውን የቅደም ተከተል ልምምድ ይሠራሉ፤ ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ የሚሠሩት ደግሞ ቱል ይሉታል። እዚያ ውስጥ ያለው ባላጋራ በሐሳብ የተሣለ ነው። በሚጠበቅበት አቅጣጫ፣ በሚጠበቅበት ሰዓት ይመጣል፤ ሲመታም ይወድቃል። ፍልሚያ የሚጀምረው ያ የሐሳብ ባላጋራ ሥጋ ለብሶ እምቢ ሲል ነው።

ሰው አንድ ነገር አይቶ ሰውነቱ እስኪንቀሳቀስ፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ቢያውቅ እንኳ፣ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል። ግራ ይሁን ቀኝ፣ ሆድ ይሁን ራስ ካልታወቀ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ጥሩ የሚራገጥ ሰው እግር ከመሬት ተነሥቶ ደረት እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ እግር ሲነሣ አይቼ እመክታለሁ የሚል ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል። የለመዱት እግር አያዩም። ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሸጋገር፣ ዳሌ መዞር ሲጀምር፣ ትከሻ ትንሽ ዘንበል ሲል ያያሉ፤ ምቱ ገና ሳይነሣ እነሱ ተነሥተዋል። ይህን ማንም በቃል ሊያስተምር አይችልም። ዐይን ደጋግሞ አይቶ፣ ሰውነት ደጋግሞ ተሳስቶ ነው የሚገባው።

ጨዋው ልጅ ሳያውቅ ያበላሸው ይህን ነው። ላለመንካት የሚሰነዘር እርግጫ ገና ከመነሻው ሌላ እርግጫ ነው። ዳሌው አይዞርም፣ ክብደቱ አይከተለውም፣ ትከሻውም ዝም ይላል። በእንዲህ ያለ ምት ስትለማመድ የከረመች ሴት የውሸት ምልክት ማንበብ ትማራለች። ርቀቱም እንዲሁ ነው። ስንዝር ሲቀረው የሚቆም እግር «የቆምሽበት ቦታ ደህና ነው» ይላታል። የውድድር ቀን እዚያው ቦታ ላይ ትቆማለች፤ ተጋጣሚዋ ግን ያችን ስንዝር አትተውላትም።

ከዚያ ፍርሃት አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷን የተመታች ሴት ከሕመሙ ይልቅ የሚሰማት ድንጋጤው ነው፤ ሕመሙን አብዛኛውን መከላከያው ይቀበልላታል። ዐይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይሳባል፣ ትንፋሽ ይታፈናል። ሜዳ ስትዞር የማትደክም ልጅ በሁለት ደቂቃ ፍልሚያ ስትዝል ያየ ሰው አቅም የላትም ይል ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የረሳችው መተንፈስን ነው። መድኃኒቱ ቀላል ምት ነው፣ በብዛትና ደጋግሞ። ሰውነት ተመትቶ እንደቆመ በራሱ ካላየ በቀር የማንም ምክር አያሳምነውም።

ዛሬ የውድድሩ ሕግም ለመነካካት ብቻ ነጥብ አይሰጥም። በወርልድ ቴኳንዶ ለቡጢ አንድ፣ ደረት ላይ ላረፈ እርግጫ ሁለት፣ ራስ ላይ ላረፈ ሦስት ነጥብ ይሰጣል፤ ዞሮ የተመታ ከሆነ ሁለት ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. ከ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ጀምሮ ደግሞ በኦሊምፒክ መድረክ የደረቱን ምት የሚመዘግበው ኤሌክትሮኒክ መከላከያ ነው። ምቱ ለዚያ የክብደት ምድብ ከተወሰነው ኃይል ካነሰ ማሽኑ እንዳልተመታ ይቆጥረዋል። ክለብ ውስጥ በትክክል ተመትታም መትታም የማታውቅ ሴት እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ስትወጣ የሠራችው ሁሉ ሳይመዘገብ ይቀራል።

ሳይጎዱ በእውነት መጋጠም ራሱ ሰው አስቦ የሠራው ነገር ነው። የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ ከአሮጌው ጁጁትሱ በጣም አደገኛ የሆኑትን ስልቶች ከነጻው ልምምድ አወጡና በቅርጽ ልምምድ ብቻ እንዲጠኑ አደረጉ። ጁዶው የለዘበ ቢመስልም ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ተማሪዎቹ የቀሩትን ስልቶች በሙሉ ጉልበት፣ እምቢ በሚል ሰው ላይ፣ በየቀኑ መሞከር ቻሉ። ዐይን የሚያጠፋ ስልት ጓደኛ ላይ አይሞከርምና ተማሪው እንደሚሠራለት አያውቅም፤ ደጋግሞ የጣለበትን ስልት ግን ያውቀዋል። ሁሉም መምህር በነጻ ፍልሚያ አላመነም። ካራቴን ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ያመጡት ፉናኮሺ ጊቺን አልወደዱትም። ወጣቶቹ ግን ከመጋጠም አልተመለሱም፤ እሳቸው ባረፉበት በ1957 የጃፓን ካራቴ ማኅበር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድር አካሄደ።

ሴቶች ይህን ልምምድ ያገኙት ዘግይተው ነው፤ ሲያገኙትም ተቆንጥሮ ነው። ኮዶካን እ.ኤ.አ. በ1926 የሴቶች ክፍል ቢከፍትም ውድድር አልፈቀደላቸውም። የካኖ የጁጁትሱ መምህር የልጅ ልጅ የሆኑት ፉኩዳ ኬይኮ በ1935 ገብተው ዕድሜ ልካቸውን ጁዶ አስተማሩ፤ ሴት በመሆናቸው ብቻ ግን አምስተኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ላይ ለብዙ ዓመታት እንዲቆሙ ተደረገ። ከኮዶካን ዘጠነኛ ዳን ያገኙት በ2006 ነው። በ2011 በአሜሪካ ዐሥረኛ ዳን ተሰጣቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሁሉ በላይ የማስበው ግን የብሩክሊኗን ረስቲ ካኖኮጊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በኒውዮርክ ግዛት የዋይ ኤም ሲ ኤ የጁዶ ሻምፒዮና ላይ ከቡድኗ አንድ ወንድ ተጎድቶ እሷ በቦታው ገባች። ጸጉሯ አጭር ነበር፤ ደረቷን በፋሻ ጠፍራ አስራ ነበር። ተጋጣሚዋን ጣለች፤ ቡድኗም አሸነፈ። ከዚያ አዘጋጁ ጠርቶ ሴት ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አልዋሸችም። ሜዳሊያውን እንድትመልስ ተደረገ። በ1962 ጃፓን ሄዳ ኮዶካን ገባች፤ በሴቶቹ ክፍል የሚችላት ስለጠፋ ከወንዶቹ ጋር እንድትሠራ ተፈቀደላት። በ1980 ቤቷን አስይዛ ተበድራ የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ጁዶ ሻምፒዮና ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ አዘጋጀች። የሴቶች ጁዶ በ1988 ሴኡል ላይ ለማሳያ ቀረበ፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ ሙሉ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። የወሰዱባትን ሜዳሊያ ዋይ ኤም ሲ ኤ የመለሰላት በ2009፣ በሞተችበት ዓመት ነው። ሃምሳ ዓመት!

ቴኳንዶ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። በ1988 ሴኡል ላይ ለማሳያ ሲቀርብም፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ሙሉ ውድድር ሲሆንም ሴቶች ከመጀመሪያው ቀን ነበሩበት፤ በሲድኒ አራት የወንድ፣ አራት የሴት የክብደት ምድቦች ነበሩ። የሴቶች ቦክስ እስከ 2012 መጠበቅ ነበረበት። ከአህጉራችን የኮትዲቯሯ ሩት ግባግቢና የግብጿ ሄዳያ ማላክ ሁለቱም በሪዮም በቶኪዮም ነሐስ አግኝተዋል። እኛ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ቴኳንዶ የተወከልነው በሰሎሞን ቱፋ ነበር። አንዲት ኢትዮጵያዊት በዚያ ምንጣፍ ላይ ለማየት ካለኝ ጉጉት የተነሣ ነው የየሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ እንዲህ የማየው።

ወንዶቹ ወደ አዳራሹ የሚገቡት ባዶ እጃቸውን አይደለም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ሲላፉ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ሲታገሉ፣ ሲወድቁና ሲነሡ ነው ያደጉት። ማንም ፍልሚያ ብሎ አላስተማራቸውም፤ ግን የሌላ ሰው ክብደት ሲጫናቸው ምን እንደሚመስል፣ መመታት የዓለም መጨረሻ እንዳልሆነ ሰውነታቸው ያውቃል። ሴቷ ልጅ ያን ጊዜ «አርፈሽ ተቀመጪ» ስትባል ነበር። ልፊያ ውስጥ ስትገባ ከታየች ቁጣው የእሷ ነው፣ የወንድሟ አይደለም። በሃያ ዓመቷ አዳራሹ ውስጥ ስትቆም ታዲያ ልዩነቱ የጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ያልተላፋችባቸው ዓመታት አብረው ቆመዋል። አንዳንድ አሰልጣኝ ይህን አይቶ «ሴቶች በተፈጥሯቸው ፍልሚያ አይሆንላቸውም» ይላል። እኔ አልስማማም። ያልተሰጠን ነገር የሌለ ነገር ተደርጎ ሲቆጠር ዝም ማለት ያስቸግረኛል።

ከጨዋው ልጅ ሌላ፣ ከእሱ የሚብስ አጣማጅ አለ። ይኼኛው መጀመሪያ በቀላሉ ይሠራል። ሴቷ ቆንጆ ምት ስታሳርፍበትና ከጎኑ ያሉት «ኦ!» ሲሉ ግን ፊቱ ይለወጣል። የሚቀጥለው እርግጫ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ብድር መመለስ ይሆናል። በሃያ ኪሎ ከሚበልጣት ሰው የመጣ የንዴት ምት አንዲትን ጀማሪ ለዘለዓለም ከአዳራሹ ሊያስወጣት ይችላል፤ ስትወጣ ሲያዩም «አልቻለችም» ይባላል። ይህ ጥፋት የልጁ ብቻ አይደለም። ማንን ከማን እንደሚያጣምር የሚወስነው አሰልጣኙ ነው፤ ጉልበቱ ሲጨምር አይቶ «ካልዮ!» (ተላቀቁ) ማለት ያለበትም እሱ ነው።

ጥሩ አሰልጣኝ ሰው አጣምሮ በመልቀቅ አይጀምርም። መጀመሪያ የታወቀ ምት በታወቀ ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመክታል። ቀጥሎ ምቱ ይታወቃል፣ ጊዜው አይታወቅም። ቀጥሎ በፊት እግር ብቻ፣ ወይም ደረት ብቻ፣ ወይም አንዱ ብቻ አጥቂ ሆኖ ይጫወታሉ። ነጻ ፍልሚያ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም በተስማሙበት ኃይል። በአንድ ክለብ ያየሁት ልማድ ደስ ይለኛል፤ ሁለቱ ከመጀመራቸው በፊት «በስንት?» ይባባላሉ። ከዐሥር በሦስት፣ ወይም በአምስት። ቁጥሩን የሚናገረው ዝቅ ያለ ቀበቶ ያለው ወይም ቀለል ያለ ኪሎ ያለው ነው፤ መሃል ላይም መቀየር ይችላል። በሦስት ማለት ቀስ ብሎ፣ ግን መድረስ ነው። ዳሌው ይዞራል፣ እግሩ ይደርሳል፣ ኃይሉ ብቻ ይቀንሳል። ያ ጨዋ ልጅ እንዲህ ቢሠራ ኖሮ ጨዋነቱንም ሳያጣ ባስተማራት ነበር።

ጉዳትን ችላ የሚል ሰው ስለ ፍልሚያ ባይናገር ይሻላል። መዝለልና ድንገት መዞር በሚበዛባቸው ስፖርቶች የጉልበት ውስጥ ጅማት መበጠስ ሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ እንደሚደርስ በደንብ የታወቀ ነው። ዶልዮ ቻጊ የሚባለው የዙሪያ እርግጫ ሲመታ የቆመው እግር ተረከዝ አብሮ ካልዞረ ጉልበት ይጠማዘዛል፤ ስለዚህ እግር ከማንሣት በፊት በቆሙበት እግር መዞር፣ ከዝላይ በኋላም ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ ማረፍ መለመድ አለበት። የጥርስና የቅልጥም መከላከያ የእንግዳ ዕቃ አይደለም፣ ሁልጊዜ ይደረጋል። ራሷን ተመትታ የራስ ምታት፣ ማዞር፣ ብዥታ፣ ማስመለስ ወይም ግራ መጋባት የተሰማት ሰልጣኝ ራሷን ባትስትም ያን ቀን ፍልሚያዋ አብቅቷል፤ ሐኪም ሳያያትም አትመለስም። «ምንም አልሆንኩም» የሚለው የሰልጣኝ ቃል እዚህ ላይ አይሰማም። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ይነገር፦ በልምምድ ሰበብ እጁ የማይገባ ቦታ የሚሄድ አሰልጣኝ ወይም አጣማጅ ስፖርተኛ አይደለም። ሴቶች ይህን ሲናገሩ የሚሰማ ሰው በየክለቡ መኖር አለበት፤ ወላጆችም ሲያስመዘግቡ ስለ ክፍያ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ይጠይቁ።

ወላጆች ሌላም ፍርሃት አላቸው። ፊቷ ይበላሻል፣ ወንዳወንድ ትሆናለች፣ ማን ያገባታል። ቤት ስትገባ እናቷ ቅልጥሟ ላይ የበለዘውን እንዳታይ ረጅም ካልሲ የምታደርግ ልጅ አውቃለሁ። ያቺው እናት ግን ልጇ ከምሽት ክፍል ስትመለስ መንገድ ላይ እንዳትደፈር ትፈራለች፤ ሁለቱ ፍርሃቶች አንድ ቤት ውስጥ አብረው ያድራሉ።

ፍልሚያ ለዚያ ለሁለተኛው ፍርሃት መልስ ነው ብዬ አልዋሽም። ምንጣፍ ላይ ዳኛ አለ፣ ሰዓት አለ፣ ባላጋራው አንድ ነው። መንገድ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ሆኖም እምቢ ማለት በልምምድ እንደሚጠነክር የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በካናዳ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት አለ። የ12 ሰዓት ሥልጠና ከወሰዱት ውስጥ በቀጣዩ አንድ ዓመት የመደፈር አደጋው 5.2 በመቶ ሲሆን ሥልጠናውን ባልወሰዱት ላይ 9.8 በመቶ ነበር። ሥልጠናው ራስን መከላከልን ብቻ አልያዘም። አደጋን ቀድሞ መለየትን፣ በተለይም የሚያውቁትን ሰው እምቢ ለማለት የሚይዝን ማመንታት ማሸነፍን ያስተምራል።

ያንን ማመንታት አዳራሹ ውስጥ ባየሁት ቁጥር እለየዋለሁ። ድምፁ «ይቅርታ» ነው። ጀማሪ ሴቶች ምት ባሳረፉ ቁጥር ይሉታል። ትመታለች፣ ይቅርታ። ደግማ ትመታለች፣ ውይ ይቅርታ። እንደሚመስለኝ ለብዙዎቻችን ከመመታት ይልቅ የሚከብደው መምታቱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሴት ጀማሪዎችን የምታሠለጥን ባለ ጥቁር ቀበቶ አለች። ሴቶች ለብቻቸው መጀመራቸውን እደግፋለሁ፤ እስከ መጨረሻው ለብቻቸው መቅረታቸውን ግን አልደግፍም፤ እሷም ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ድብልቁ ክፍል ትልካቸዋለች። ከመላኳ በፊት ግን እያንዳንዷን በተራ ፊቷ ታቆማለች። የደረት መከላከያዋን ታጠብቅና እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች። ሕጉ አንድ ነው፤ ይቅርታ ማለት የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የአንዲት ሂጃብ ያደረገች ቀጭን ልጅ ነበር። የመጀመሪያው እርግጫዋ መከላከያውን ዳበሰው።

«ይቅር…»

«አልሰማሁም!» አለች አሰልጣኟ። «ድገሚ።»

ሁለተኛው ትንሽ ጠነከረ። ሦስተኛው ላይ ተረከዟ ዞረ፣ ዳሌዋ ተከተለ፣ ድምፁ አዳራሹን ሞላው፤ አሰልጣኟ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ልታደርግ ስትል አሰልጣኟ ያዝ አደረገችውና ወደ መመከቻ ቦታው መለሰችው።

«በስንት ነበር?» አለቻት አሰልጣኟ።

«በ… በአምስት መሰለኝ።»

«እንግዲያው በስድስት ነይ፤ አሁን እኔም እመልሳለሁ።»

ልጅቷ ሄልሜቷን አስተካክላ ገባች።